ዋሻና ዋሾ

እሑድ ነው፣ ጥቅምት ነው፣ ጭቃው ደርቆ አልቋል፤
ራስ መኮንን ድልድይ ወያላ ይጮኻል፤
ከድልድዩ በታች፣ ከቆርቆሮው ወዲያ፣
ጣውላ ተቸንክሯል፤ የእጅ ጽሑፍ ማስታወቂያ፦
«ታሪካዊ ዋሻ። ሃያ ብር ነው ላገር ሰው፣
ለፈረንጅ መቶ። መውረጃው ያዳልጣል፣ ቦቲ ያለው ይልበሰው።»

እኔ ያራዳ ልጅ፣ የዚሁ ቀዬ ሰው፣
አሥራ ስምንት ዓመት ማዘጋጃ ቤት ካርታ የምነድፈው፣
ይህን የወንዝ ዳር በመስመር ያለፍኩት፣
በእርሳስ እንጂ በእግሬ አንድ ቀን ያልረገጥኩት፣
ሃያ ብር ቆጥሬ ቱሪስት ሆንኩበት።

አስጎብኚው ደምመላሽ ቦቲውን አጥልቆ፣
መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልኩን ለመብራት ሰንቆ፣
«ወረፋ ነው ጋሼ» አለኝ በፈገግታ፤
ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት በተርታ።

ለሁለት ፈረንጆች «በጣሊያን ጊዜ» አለ፣
«አንድ አርበኛ እዚህ፣ ጥሬ እየቆረጠመ፣ አርባ ቀን ዋለ።»
ነጠላ ላጣፉ ለአንዲት እናት ደግሞ፣
«ባሕታዊ ኖሮበት» ይላል አጎንብሶ፣ አለቱን ተሳልሞ።
ጥንዶች ሲመጡለት እጅ ለእጅ ተያይዘው፣
«ሙሽራ ከሠርጓ ጠፍታ ያደረችው፣
ከምትወደው ጋራ፣ እዚህ ነው» አላቸው።

አንድ ጉድጓድ፣ ሦስት ታሪክ፣ ባንድ ሰዓት ሰማሁ፤
«ይሄስ ዋሻ አይደለም፣ ዋሾ ነው» አልኩና ሳቅሁ።

ተራዬ ደረሰ።
«ጎንበስ በል ጋሼ፣ ጎንበስ፣
ይህ ቤት ቁመት አይወድም።»
ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ።

ውስጡ ይቀዘቅዛል። ጣሪያው ጥቀርሻ ነው።
አንዲት የሌሊት ወፍ፣ የታጠፈ ጃንጥላ የመሰለው ገላዋ፣ ተንጠልጥሎ የቀረው።
ከላይ አውቶቡስ ሲያልፍ የአለቱ ሆድ ይጮኻል፣
«ፒያሳ! ፒያሳ!» የሚለው ከሌላ አገር ይመስላል፣
ጠብታ ቀስ ብሎ አንገቴ ላይ ያርፋል።

«ደምመላሽ» አልኩት፣ «የቱ ነው እውነቱ?
አርበኛው? ባሕታዊው? ወይስ ሙሽሪቱ?»

ዝም አለ።
መብራቱን ከጣሪያው አወረደና በግድግዳው አሳለፈው፤
ከጉልበቴ ከፍ ብሎ፣ በሚስማር የተጫረው
አንድ ጭረት፣ ከሱ በላይ ሌላ፣ ከሱም በላይ ሌላ።
«ይኼ አምስት ዓመቴ ነው። ይኼኛው ስድስት ሲሞላ።
ይኼ ሰባት።
የኔ እናት እልፍነሽ ከሰል ቸርቻሪ ነበረች፣
ከዚህ እስከ ሠራተኛ ሰፈር በጀርባዋ ያመላለሰች፤
አራተኛውን ሳትጭርልኝ፣ ሐምሌ ላይ ሳል ያዛትና...»

ነገሩን አልጨረሰም። መብራቱን አጠፋና፣
«ባትሪ ልቆጥብ» አለ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ጣቴ ታየችኝ፣
ያን ዓመት፣ በዚያ ወረቀት፣ ወንበር ላይ ተደላድዬ ሳለሁ የታዘዘችልኝ፤
«ገደል። ሰው የለበትም» ብዬ የጻፍኩባት፣
አለቃ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ያጸደቃት፣
እሷው ጣት ናት አሁን
ሦስተኛውን ጭረት በዳበሳ የምታነበው።

ሥራዬን አልጠየቀኝም።
እኔም አልነገርኩትም።

ስንወጣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ።
«ለምን ይሄን አትነግርም ለሚመጣው እንግዳ?»
«አይ ጋሼ፣ ድህነት ለማየት ማን ይገባል ዕዳ?
በነፃ ሞልቶ የለ፣ በየመንገዱ ዳር?»
ሌላ ደንበኛ መጣ። ጀመረ፦ «በጣሊያን ጊዜ ነበር...»

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ካርታውን ዘረጋሁ፤
ከድልድዩ ሥር፣ ከወንዙ ክርን ላይ፣ አንዲት ነጥብ አኖርሁ፣
ከጤፍ ብትበልጥ ነው።
አለቃዬ አቶ ቢተው መነጽሩን አውልቆ፣
«ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ፣ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ዘልቆ።

«ዝንብ ናት፣ ዝንብ ናት ያበላሸችው» አልኩት።
ዋሸሁት።
ላጲሱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።